ግልጽ ደብዳቤ፦ ደብተሩን ከመቀማታችሁ በፊት አንብቡት

ለትልልቅ ድርጅቶች የቦርድ አባላትና ዋና ሥራ አስኪያጆች
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ «ዲጂታል ሽግግር» እያላችሁ በጀት የምትመድቡለትን ሥራ ይመለከታል

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከእናንተ ጋር በስብሰባ ጠረጴዛ ተቀምጬ የማላውቅ፣ የድርጅቶቻችሁን ጓዳ ግን አሳምሬ የማውቅ ሰው ነኝ። ሥራዬ ሲስተም መዘርጋት ነው። እናንተ ሶፍትዌር ትገዛላችሁ፣ አማካሪ ትቀጥራላችሁ፤ እኔና መሰሎቼ ደግሞ ከሒሳብ ክፍል እስከ መጋዘን እየዞርን ሰዉ ትናንት በወረቀት ይሠራ የነበረውን ዛሬ በስክሪን እንዲሠራው እናደርጋለን። ብዙ ምረቃ አይቻለሁ። ሪባን ይቆረጣል፣ ሥራ አስኪያጁ የመጀመሪያዋን ቁልፍ ይጫናሉ፣ ይጨበጨባል፣ ፎቶ ይነሣል። ከምረቃው ስድስት ወር በኋላ ያለውን ግን የምናየው እኛ ነን። እናንተ በዚያን ጊዜ ስለሚቀጥለው ሲስተም እየተወያያችሁ ነው።

ስለዚያ ስድስተኛ ወር ልንገራችሁ።

አንድ ትልቅ አከፋፋይ ድርጅት አለ፤ ስሙ ይቆየን። አዲሱ ሲስተም ሥራ ከጀመረ ስድስት ወር ሆኖት ነበርና ችግር ካለ እንዳይ ወደ መጋዘኑ ተላክሁ። ዕቃ የሚረከቡት ሴትዮ በሥራው ከሃያ ዓመት በላይ ቆይተዋል። መኪና መጣ፣ ዕቃ ወረደ፣ በእጃቸው ባለው ስካነር ባርኮዱን አነበቡ፣ ስክሪኑ «ተመዝግቧል» አለ። ጥሩ። ከዚያ መሳቢያቸውን ሳብ አድርገው ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር አወጡና ያንኑ ዕቃ እንደገና መዘገቡ። መጀመሪያ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ቀጥሎ በቀይ።

«ሲስተሙ እያለ ድጋሚ ለምን ይጽፋሉ?» አልኳቸው።

«ወንድሜ፣ ሲስተሙ የጠየቀኝን ነገርኩት። ያልጠየቀኝን የት ልጻፈው?»

ደብተሩን እንዳገላብጥ ፈቀዱልኝ። በሰማያዊ የተጻፈው ሲስተሙም የሚያውቀው ነው፦ ቀን፣ ዕቃ፣ ብዛት። ቁም ነገሩ ያለው በቀዩ ነበር። «40 ተብሎ 38 ወረደ፤ ሁለቱን ሐሙስ አመጣለሁ ብሏል።» «ከላይ ያሉት ሦስት ካርቶኖች ርሰዋል፤ ከታች ያሉት ደህና ናቸው።» «ይህኛው ሲያልቅ ደንበኛው ያንኛውን መጠን ይቀበላል፤ ደውሎ መጠየቅ ነው።» በሲስተሙ ውስጥ ግን ያሉት ሁለት አዝራሮች ናቸው፦ «ተቀበል» እና «መልስ»። 38 ብለው ቢያስገቡ ከግዢ ትዕዛዙ ጋር አይገጥምምና ስክሪኑ ቀይ ሆኖ ይቆማል፤ ትዕዛዙን ከፍቶ የሚያስተካክለው ሒሳብ ክፍል ነው፤ እሱ ደግሞ ሦስት ቀን ይፈጃል። መኪናው ሦስት ቀን አይቆምም። ስለዚህ «40፣ ተቀበል» ይላሉ፤ እውነቱን በቀይ ይጽፋሉ።

እናንተ በአዳራሹ ትልቅ ስክሪን ላይ በአረንጓዴ ያያችሁት 40 ይኸው ነው። ትክክለኛው ቁጥር መሳቢያ ውስጥ ነበር።

በዚያ ሳምንት አንድ ማስታወቂያ በየክፍሉ ተለጠፈ፦ ድርጅቱ ወደ ዲጂታል አሠራር ስለተሸጋገረ በደብተር መጠቀም የተከለከለ ነው። ደብተሮቹ በካርቶን ተሰብስበው ተወሰዱ። ከሁለት ወር በኋላ የንብረት ቆጠራው ከሲስተሙ ጋር አልገጥም ሲል ያ ካርቶን በየቢሮው ተፈለገ። ማን ጋ እንደተገኘ አልነግራችሁም፤ የተቀመጠበት ሰው ራሱ ረስቶት ነበር።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዳይሆንብኝ የራሴንም ልናገር። ያንን ስክሪን ከነደፉት አንዱ እኔ ነኝ። ስንነድፈው የጠየቅነው የመጋዘን ኃላፊውን እንጂ ሴትዮዋን አልነበረም። ኃላፊው ደግሞ ዕቃ ከተረከቡ ዘጠኝ ዓመት አልፏቸዋል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ኤዲሰን ኒው ዮርክ ውስጥ ፐርል ስትሪት ላይ የኤሌክትሪክ ማመንጫውን የከፈተው በ1882 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የአሜሪካ ፋብሪካዎች ምርታማነት በኤሌክትሪክ የተነሣ ጎልቶ ሲያድግ የታየው ግን በ1920ዎቹ ነው። አርባ ዓመት ገደማ ማለት ነው። የምጣኔ ሀብት ታሪክ አጥኚው ፖል ዴቪድ በ1990 ይህንን ታሪክ አንሥቶ ያስረዳበት ምክንያት ነበረው፤ ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ የምጣኔ ሀብት ሊቁ ሮበርት ሶሎ የኮምፒዩተር ዘመን በየቦታው ይታያል፣ የማይታየው በምርታማነት ቁጥሮች ላይ ብቻ ነው ብሎ ተሳልቆ ነበር። ዴቪድ የመለሰው በአጭሩ «ይህንን ከዚህ በፊት አይተነዋል» ብሎ ነው።

የእንፋሎት ፋብሪካ አንድ ግዙፍ ሞተር ነበረው። ከሞተሩ የሚነሣ ረጅም የብረት ዘንግ በጣራው ሥር ሕንፃውን ያቋርጣል፤ ከዘንጉ ላይ በቺንጋ እየተሳበ ኃይሉ ወደ እያንዳንዱ ማሽን ይወርዳል። ስለዚህ ማሽኑ የሚቀመጠው ሥራው በሚፈልገው ቦታ ሳይሆን ዘንጉ ባለበት ነው። ዘንጉ በጣም እንዳይረዝም ሕንፃው ወደ ላይ ፎቅ በፎቅ ይሠራል፤ ዕቃው ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። ኤሌክትሪክ ሲመጣ ብዙዎቹ ባለ ፋብሪካዎች የእንፋሎቱን ሞተር ነቅለው በዚያው ጉድጓድ ትልቅ የኤሌክትሪክ ሞተር ተከሉ። ዘንጉ ያው፣ ቺንጋው ያው፣ ፎቁ ያው። የነዳጅ ወጪ ቀነሰ፤ ሌላው ሁሉ እንደነበረ ቀጠለ። እውነተኛው ለውጥ የመጣው እያንዳንዱ ማሽን የራሱን ትንሽ ሞተር ሲያገኝ፣ ዘንጉ ከጣራ ሲወርድ፣ ፋብሪካው ባለ አንድ ፎቅ ሆኖ ሲንጣለልና ማሽኑ ዕቃው በሚያልፍበት መንገድ ላይ ሲደረደር ነው።

በእናንተ ቤት ዘንጉ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ፊርማ ነው።

አንድ ቦታ ላይ የወንበር ግዢ ዘጠኝ ፊርማ ይጠይቅ ነበር። «ዲጂታል እናድርገው» ተባለና ዘጠኙ ፊርማ ዘጠኝ «አጽድቅ» ሆነ። በወረቀቱ ዘመን ጉዳይ አስፈጻሚው ፋይሉን ታቅፎ በአንድ ኮሪደር ሦስቱን ያስፈርም ነበር፤ ቢያንስ ሰው ፊት ይቆማል፤ ሰው ፊት ከቆሙ ደግሞ ይፈረማል። አሁን ግን ጥያቄው በየሰዉ የመልእክት ሳጥን ውስጥ ተራውን ይጠብቃል። አንዱ ዳይሬክተር መልእክቱ ሲበዛባቸው የይለፍ ቃላቸውን ለጸሐፊያቸው ሰጡ። በስክሪኗ ጠርዝ ላይ በቢጫ ወረቀት ተለጥፎ አይቼዋለሁ። ጠዋት ስትገባ ሻንጣዋን አስቀምጣ፣ ኮቷን ሰቅላ፣ የተከማቸውን ሁሉ «አጽድቅ፣ አጽድቅ፣ አጽድቅ» ትለዋለች። በሲስተሙ መዝገብ ላይ «በዳይሬክተሩ ጸድቋል» የሚል ይነበባል። ያነበበው ግን የለም። ወረቀቱ ለመፈጸም ዘጠኝ ቀን ይፈጅበት ነበር፤ አሁን አሥራ አንድ። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ።

እነዚያ ፊርማዎች መጀመሪያ ከየት እንደመጡ ጠይቄ ነበር። የሒሳብ ሹሙ የሚፈርሙት በጀት መኖሩን ለማረጋገጥ ነበር፤ የበጀት መዝገቡ የሚገኘው እሳቸው ቢሮ ብቻ ነበርና። የንብረት ክፍሉ የሚፈርመው ተመሳሳይ ወንበር መጋዘን ውስጥ አለመኖሩን ሊመሰክር ነበር፤ ካርዱ ያለው እሱ ጋ ነበርና። እያንዳንዱ ፊርማ አንድ መረጃ በአንድ ክፍል ተቆልፎ በነበረበት ዘመን የተተከለ ነው። ዛሬ ሲስተሙ በጀቱንም ክምችቱንም በሰከንድ ያየዋል። ታዲያ ፊርማዎቹ ምን ይሠራሉ? ይህንን ጥያቄ ለአንድ የፕሮጀክት ስብሰባ ሳቀርብ ጸጥታ ሆነ። የፈራሚነት ጉዳይ የሥልጣን ጉዳይ ነው፤ የሥልጣን ጉዳይ ደግሞ በእኔ ደረጃ የሚነሣ አይደለም። የእናንተ ነው። ለዚህም ነው ለናንተ የምጽፈው።

ቴክኖሎጂ አይለውጥም እያልኩ አይደለም። ይለውጣል፤ ሲፈቀድለት። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን አሜሪካ የፎርድ መኪና ኩባንያ ለዕቃ አቅራቢዎች ክፍያ የሚፈጽም ክፍል ከ500 በላይ ሠራተኞች ነበሩት። ኮምፒዩተር ቢጨመር 20 በመቶ ያህል ይቀንሳል ተብሎ ታሰበ። ከዚያ ማዝዳን አዩ፤ እዚያ ያንኑ ሥራ የሚሠሩት 5 ሰዎች ነበሩ። ማዝዳ ትንሽ ኩባንያ ነው ቢባል እንኳ ልዩነቱ በኮምፒዩተር ፍጥነት የሚገለጽ አልነበረም።

የፎርድ አሠራር ይህን ይመስል ነበር፦ ግዢ ክፍሉ የትዕዛዙን ቅጂ ለከፋዮቹ ይልካል፤ ዕቃው ሲገባ ተረካቢው የመረከቢያ ሰነድ ይልካል፤ አቅራቢው ደግሞ ደረሰኙን ይልካል። ከፋዩ ሦስቱን ወረቀቶች ዘርግቶ 14 ዝርዝሮችን ያመሳክራል። ከገጠሙ ይከፍላል። ጊዜውን የሚበላው ግን ያልገጠሙትን ማሳደድ ነበር። አዲሱ አሠራር ሲመጣ ደረሰኙን ጭራሽ አስቀሩት። ግዢ ክፍሉ ትዕዛዙን የጋራ ዳታቤዝ ውስጥ ያስገባል፤ ዕቃው ሲደርስ መጋዘኑ በር ላይ ያለው ተረካቢ ስክሪኑን ያያል፤ ትዕዛዝ ካለ ይረከባል፣ ከሌለ ይመልሳል፤ ከተረከበ ክፍያው ይከተላል። የሚመሳከረው ሦስት ነገር ሆነ፦ የዕቃው ቁጥር፣ መለኪያውና የአቅራቢው መለያ። ማይክል ሃመር በ1990 እንደጻፈው የሰው ኃይሉ በ75 በመቶ ቀነሰ። እዚህ ላይ የኮምፒዩተሩ ድርሻ ምን ነበር? ሁለት ሰዎች በሁለት ቦታ ሆነው አንድን መዝገብ በአንድ ጊዜ እንዲያዩ ማድረግ። ያ ብቻ። የቀረውን ያደረገው ተረካቢው በሩ ላይ ቆሞ እንዲወስን የፈቀደው ሰው ነው።

75 በመቶ የሚለውን ቁጥር ሳነብ ደስ ብቻ አይለኝም። ከቁጥሩ በስተጀርባ የሰው እንጀራ አለ። የደብተሯ ባለቤት መሳቢያቸውን ሲከፍቱ ግራና ቀኝ የሚያዩት ለምን ይመስላችኋል? የሚያውቁትን ሁሉ ለሲስተሙ ከነገሩት እሳቸው ምን ሊሠሩ ነው? «ሠራተኛው ለውጥ ይቃወማል» የሚል ስላይድ በየአማካሪው ገለጻ ላይ አይቻለሁ። እኔ ያየሁት ሠራተኛ የሚቃወመው ለውጡን ሳይሆን መጨረሻው ያልተነገረውን ለውጥ ነው። ከሥራው በኋላ ማን የት እንደሚመደብ ካልነገራችሁ ቀዩን እስክሪብቶ የሚያሳያችሁ ሰው አታገኙም።

በሌላ በኩል ደብተር ሁሉ ቅዱስ አይደለም። የጀርመኑ የሱፐርማርኬት ድርጅት ሊድል ከ2011 ጀምሮ የክምችት አስተዳደሩን ኤስኤፒ ወደተባለው የድርጅት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ለማዞር ሰባት ዓመት ደክሞ በ2018 ተወው፤ የጀርመን ጋዜጦች የዘገቡት ወጪ 500 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ነው። ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱን ስሰማ ራሴን ይዤ ነበር፦ ሶፍትዌሩ ክምችትን በመሸጫ ዋጋ ሲያሰላ ሊድል ግን በመግዣ ዋጋ ማስላት የለመደ ነበር። ልማዱን ከመተው ሶፍትዌሩን ማጠፍ መረጡ፤ አንዱን ሲያጥፉት ሌላው ይሰበራል፤ ያንን ሲጠግኑ ሦስተኛው። ስለዚህ ጥያቄው ሁልጊዜ ያው ነው፦ ይህ ልማድ ሥራው ራሱ ነው ወይስ ዘንጉ? የረጠበው ካርቶን ሥራው ነው። ዘጠነኛው ፊርማ ዘንጉ ነው። ልዩነቱን የሚያውቅ ሶፍትዌር የለም፤ አማካሪውም በሦስት ወር አያውቀውም። ቁጭ ብሎ ማየት ይጠይቃል።

ኮምፒዩተርን ለንግድ ሥራ ከማንም ቀድሞ ያዋለው ድርጅት የኤሌክትሮኒክስ ድርጅት አልነበረም፤ የለንደኑ ጄ. ላየንስ፣ ሻይ ቤትና ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ሊዮ የተባለውን ኮምፒዩተር ራሱ ሠርቶ በኖቬምበር 1951 የዳቦ መጋገሪያውን ሒሳብ አስጀመረው። እንዴት ቻለ ቢባል ኮምፒዩተር የሚባል ነገር ከመታሰቡ አስቀድሞ የቢሮ ሥራውን ደረጃ በደረጃ የሚያጠና የራሱ ክፍል ነበረው። ሥራውን ያውቀው ነበር።

ክላውድም (በሌላ ድርጅት ኮምፒዩተሮች ላይ በኢንተርኔት መሥራት ማለት ነው) ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። አንድ ባልደረባዬ ክላውድን «ላም አለኝ በሰማይ» ይለዋል። ወተቷን ያላየ ሁሉ ግን ጥፋቱ የላሟ ላይሆን ይችላል። ኔትፍሊክስ ዲቪዲ በፖስታ በሚያከራይበት ጊዜ፣ በኦገስት 2008፣ ዋና ዳታቤዙ ተበላሽቶ ሦስት ቀን ዕቃ መላክ አቃተው። ወደ አማዞን ክላውድ ለመሄድ ወሰነ። ያለውን እንዳለ አንሥቶ መውሰድ ቀላሉ መንገድ ነበር፤ ነገር ግን ችግሩም አብሮ ይጫናል ብሎ አብዛኛውን ከሥሩ እንደገና ሠራው። የጨረሰው በጃንዋሪ 2016 ነው። ሰባት ዓመት። እናንተ ለተቋራጩ የምትሰጡት የጊዜ ገደብ ስንት ነው? እኔ ስምንት ወር ተሰጥቶኝ ያውቃል፤ ያውም የበጀት ዓመቱ ከመዘጋቱ በፊት እንዲያልቅ።

ስለ ጊዜ ገደብ ካነሣን የቦርድ አባላት ይህንን ልብ በሉልኝ። በኤፕሪል 2018 የእንግሊዙ ቲኤስቢ ባንክ ከአምስት ሚሊዮን በላይ ደንበኞቹን በአንድ ቅዳሜና እሁድ ወደ አዲስ ሲስተም አሻገረ። ዳታው ደህና ተሻገረ፤ ሲስተሙ ግን አልተሸከመውም። እስከ 1.9 ሚሊዮን የሚደርሱ ደንበኞች ሒሳባቸው ውስጥ መግባት አቃታቸው፤ ነገሩ ሙሉ በሙሉ የተረጋጋው በዲሴምበር ነው። ተቆጣጣሪዎቹ በ2022 ባንኩን 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡት። ጉዳዩን ያጣራው ገለልተኛ ሪፖርት ካወጣቸው ነገሮች አንዱ ሲስተሙ ከሚሠራባቸው ሁለት የመረጃ ማዕከላት የፍተሻው ጫና ያረፈው በአንዱ ላይ ብቻ እንደነበር ነው። ሌላው፣ ማንም አስተዋይ ሰው የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ከቦርዱ አልተነሡም። ፕሮግራም ማወቅ አያሻም፤ «ሁለቱንም ፈትናችኋል?» ማለት በቂ ነበር። ይህን የመሰለ ጥያቄ ከቦርድ ሲመጣ እኛ ታች ያለነው አንከፋም። እፎይ ነው የምንለው። እኛ ብንጠይቀው «ሥራ አጓታች» ያስብለናልና።

ሲስተሙ የወደቀ ዕለት ደግሞ ደብተሩ ይፈለጋል። በጁን 2017 ኖትፔትያ የተባለው አጥፊ ሶፍትዌር የመርከብ ኩባንያውን ሜርስክን ሲመታ 45,000 ኮምፒዩተሮችና 4,000 ሰርቨሮች በአሥር ቀን ውስጥ እንደ አዲስ መጫን ነበረባቸው። የኩባንያው የቦርድ ሰብሳቢ በቀጣዩ ዓመት በዳቮሱ የዓለም ኢኮኖሚ ፎረም ላይ እንደተናገሩት በእነዚያ ቀናት የሥራው መጠን የቀነሰው 20 በመቶ ብቻ ነው፤ ሠራተኛው በእጅ ሠርቶ ነው ያቆመው። የኩባንያው ዓለም አቀፍ ኔትወርክ ቁልፍ የሆነው መረጃ ደግሞ በየአህጉሩ ጠፍቶ ሳይነካ የተገኘው ጋና በሚገኝ ቢሮ ነበር፤ ጥቃቱ ሲደርስ እዚያ መብራት ጠፍቶ ነበርና። መብራት በመጥፋቱ ሰው የሚያመሰግንበት ዕለት መኖሩን ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። ጥያቄዬ ግን ሌላ ነው፦ ነገ ሲስተማችሁ ቢወድቅ በእጁ መሥራት የሚያውቅ ሰው ቀርቷችኋል? ወይስ በመስኮቱ የሚሰማው «ሲስተም የለም» የሚለው ብቻ ነው?

ከሁሉ የከበደኝን አሁን ላንሣ። ሲስተሙ አንድ ነገር፣ ሰውዬው ሌላ ነገር ሲሉ ማንን ታምናላችሁ? በእንግሊዝ ከ1999 እስከ 2015 ከ900 በላይ የፖስታ ቤት ቅርንጫፍ ኃላፊዎች በስርቆት፣ በማጭበርበርና በሐሰት ሒሳብ ተፈርዶባቸዋል። ማስረጃው በፉጂትሱ የተሠራው ሆራይዘን የተባለው የሒሳብ ሲስተም ያሳየው ጉድለት ነበር። ሰዎቹ «ሒሳቡ ልክ አይደለም፣ እኛ አልወሰድንም» አሉ። የታመነው ስክሪኑ ነው። የታሰረ አለ፣ ቤቱን የሸጠ አለ፣ ራሱን ያጠፋ አለ። በ2019 ፍርድ ቤት ሲስተሙ ስሕተት እንደነበረበት ወሰነ፤ በ2024 ፓርላማው ፍርዶቹን በሕግ ሻረ። እኔ ይህንን ካነበብኩ በኋላ በምሠራበት ቦታ ሁሉ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ሲስተሙ ጉድለት ሲያሳይ ሠራተኛው የሚከራከርበት አዝራር የት አለ? እስካሁን «ይኸው» ብሎ ያሳየኝ የለም።

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እንድጽፍ የጠበቃችሁ ትኖራላችሁ። አጭር ነው። ያንን 40 አንብቦ ስለሚቀጥለው ወር ግዢ ይተነብይላችኋል። በሚያምር ቋንቋም ያብራራላችኋል። ዕቃው ግን 38 ነው።

ምን እናድርግ ብትሉ፣ የምጠይቃችሁ ትልቅ ነገር የለም። የሚቀጥለውን ውል ከመፈረማችሁ በፊት ከእናንተ አንዱ፣ ተወካይ ሳይሆን ራሱ፣ ከዕቃ ተረካቢ ወይም ከመስኮት ሠራተኛ ጎን አንድ ሙሉ ጠዋት ይቀመጥ። አይናገር፤ ይይ። ሰውዬው ከሲስተሙ ውጪ የሚጽፈው ነገር ካለ፣ ደብተርም ሆነ የተደበቀ የኤክሴል ፋይል፣ አይቆጣው፤ እንዲያነብለት ይለምነው። ከዚያ ለፕሮጀክቱ መሪ ፊርማ የማስቀረት ሥልጣን በጽሑፍ ይሰጠው፤ ይህ ከሌለው እሱም እኔም ቺንጋ ቀያሪዎች ነን። ከበጀቱ ደግሞ ከምረቃው በኋላ ላለው ዓመት የሚሆን ይቀመጥ። እስካሁን ያየሁት በጀት ሁሉ ሪባኑ ላይ የሚያልቅ ነው።

የመጋዘኗን ሴትዮ ጉዳይ ጨርሼ ላብቃ። ከቆጠራው በኋላ ስክሪናቸው ላይ ሦስተኛ አዝራር ተጨመረላቸው፤ «በከፊል ተረክቤያለሁ» ይላል፤ ከሥሩ ማስታወሻ የሚጻፍበት ባዶ ቦታ አለው። ባለፈው ስሄድ ያንን ቦታ በጽሑፍ ሞልተውታል፤ ቀይ ቀለም ግን አይቀበልም ብለው አማርረውብኛል። አዝራሩን ለመሥራት ፕሮግራመሩ የፈጀበት አንድ ቀን ተኩል ነው። እንዲሠራ ለማስፈቀድ የፈጀብን አራት ወር።

ከአክብሮት ጋር

አንድ የሲስተም ዝርጋታ ባለሙያ